በእግሬ የምኖርበት ሰፈር ፍለጋ

የመጀመሪያው ቀን፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ

ሰው ወደ ጎጃም የሚሄደው ለንግሥ፣ ለለቅሶ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ነው። እኔ የሄድኩት መኪና የማልሳፈርበት ሰፈር ለመፈለግ ነበር። እዚያ ለመድረስ ግን ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ መዋል ነበረብኝ፤ ከሁሉ በላይ የፈራሁትም ይህንኑ ነው።

ባለፈው ክረምት ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሽንኩርት የት እንደረከሰ እየጠየቀችኝ ነበር። መልሱን ሳልነግራት ሰማይና መሬት ተገለባበጠብኝ። እሷ ከዚያ አልተነሣችም። የእኔ ስብራት በጊዜው ተጠገነ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የታክሲ በር ሲዘጋ ላብ ያጠምቀኛል፣ ያስመልሰኛል፣ አውርዱኝ ብዬ እጮኻለሁ።

የምንኖረው በከተማው ጫፍ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመስኮታችን የልጄ የማኅሌት ትምህርት ቤት ጣሪያ ይታያል፤ በእግር ግን አይደረስበትም። መሐሉን መሻገሪያ የሌለው ሰፊ አስፋልት ይቆርጠዋል። ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ እኔ ሕፃናት የማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ሁሉም በታክሲ ነው። ለወራት ጎህ ሳይቀድ እየተነሣሁ በአስፋልቱ ዳር ሄድኩ። የእግረኛ መንገድ ስለሌለው የከባድ መኪናው ነፋስ ነጠላዬን እየገፈፈው ነበር። በመጨረሻ ማርፈዱ ስለበዛብኝ ሥራዬን ለቀቅሁ።

ባለቤቴ አንዱዓለም የጎጃም ልጅ ነው፤ ቡሬ ዳር ባለ ፋብሪካ በመካኒክነት ከተቀጠረ ከራርሟል። «ነይና እይ» አለኝ በስልክ። «ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ትንንሽ ከተሞች ናቸው። በእግርሽ የምትኖሪበትን አንቺ ምረጪ።»

እኅቴ ማኅሌትን ልትይዝልኝ ስትመጣ ግን ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ሰው ከዚያ ተኩስ እየሸሸ ይመጣል፤ አንቺ ወደዚያ ትሄጃለሽ?»

ወደዚያ መሄዱንም እፈራለሁ፤ እዚህ መቅረቱንም።

አውቶቡሱ ውስጥ መሐል ላይ ተቀመጥኩ፤ ከመስኮት ራቅ፣ ከበሩ ጠጋ ብዬ። ከጎኔ አንዲት የደምበጫ እናት ነበሩ። ገና ከተማውን ሳንወጣ የወንበሩን ብረት ጨብጬ አለመልቀቄን አይተው፣ ከመቀነታቸው ጫፍ ጤና አዳም ፈትተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

«አሽቺው ልጄ። መኪና ይጠላሻል?»

«እኔ ነኝ የምጠላው እማማ።»

«እሱስ ምን ተወዶ።» ይህን ብለው እጄን ያዙኝ፤ እስክንወርድም አልለቀቁኝም።

ጎሃ ጽዮንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስንጀምር ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨፍኖ መውረድ ግን የባሰ ነው፤ መታጠፊያው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ፍሬኑ በተነፈሰ ቁጥር የእናትየዋን እጅ እጨምቃለሁ። እሳቸው ደግሞ የእመቤታችንን ስም ይጠራሉ፤ ለእኔ ይሁን ለሾፌሩ አላወቅሁም።

በየፍተሻው ተሳፋሪው ሁሉ እየወረደ፣ መታወቂያውን እያሳየ፣ ከኬላው ማዶ በእግሩ ተሻግሮ ይሳፈራል። ሁሉም ያማርራል፤ አንዳንዱም ፊቱ አመድ ይመስላል። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ሰው ተለይቼ «ውረዱ» ሲባል እፎይ እል ነበር። እግሬ አፈር ስለሚነካ። ወዲያው ደግሞ ጠመንጃ የያዙትን ሳይ ወደ አውቶቡሱ እቸኩላለሁ።

ሾፌሩ ከማርቆስ ወዲያ ሲመሽ አልነዳም አለ፤ ማንም አልተከራከረው። ያደርኩበት ፔንሲዮን አንሶላው ንጹሕ ነበር፤ የበሩ ቁልፍ ግን አይዘጋም። የቤቱ ባለቤት ሴት ሳልጠይቃት ከባድ የእንጨት ወንበር አምጥታ በሩ ላይ እንዴት እንደማስደግፈው አሳየችኝ። «እኔም እንዲህ ነው የማድር» አለችና ሽሮና እንጀራ በትሪ አስቀምጣልኝ ሄደች። ሽሮው ግሩም ነበር፤ ከሁለት ጉርሻ በላይ ግን አልወርድልኝ አለ።

ሁለተኛው ቀን፤ በጅጋ በኩል ፍኖተ ሰላም

እናትየዋ ደምበጫ ላይ ሲወርዱ የተረፈውን ጤና አዳም ትተውልኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ባዶው ወንበር ያስፈራኝ ጀመር።

ጅጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ለምን? የሚያውቅ የለም። እስከ መቼ? እሱንም የሚያውቅ የለም። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። ገበያ ቀን ስለነበር ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ይጎርፋል፤ በቆሎ የጫነ አህያ፣ ዶሮ ያንጠለጠለች ሴት፣ በግ የሚጎትት ሽማግሌ። መንገዱ ለመኪና ቢዘጋም ለእግረኛ አልተዘጋም። ሁሉም ከቤቱ ገበያ፣ ከገበያ ቤቱ ይደርሳል። እኛ መኪና ያለን ግን ቆመን ቀረን።

ወርጄ በእግሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ልሂድ ብዬ አሰብኩ። አንዲት የጨው ነጋዴ አሳቤን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ።

«እኛን አይተሽ ነው? እኛን እኮ መንገዱ ያውቀናል። አንቺን ማን ብሎ ያሳልፍሻል?»

አፍሬ ቁጭ አልኩ። ከሱቋ ራሷ የምትቀመጥበትን ዱካ አውጥታ ሰጠችኝ፤ እሸት በቆሎም አጠበሰችልኝ። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ለምን እንደተዘጋ ሳናውቅ እንደተዘጋው ሁሉ፣ ለምን እንደተከፈተ ሳናውቅ ተከፈተ።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ላይ የተቀበሉኝ የአንዱዓለም አጎት የኔታ ይባቤ ናቸው። በደብራቸው ቅኔ ያስተምራሉ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው የሚደብቁ ሰው ናቸው። አንዱዓለም ከቡሬ ሊመጣ አልቻለም፤ በዚያ በኩልም መንገዱ ተዘግቶ ነበር። የኔታ ባጃጅ ሊጠሩልኝ እጃቸውን ሲያነሡ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእግር ብንሄድስ?»

ምክንያቱን ከአንዱዓለም ሰምተዋል። ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብለው ጥቂት እንደሄድን፣ «ልጄን ጎዳና አስፈራት» አሉ።

«አዎ፣ መንገድ ያስፈራኛል» አልኩ።

«ዳውን አጥብቂው እንጂ ልጄ።» ሳቃቸው ከነጠላው ውስጥ ተሰማኝ። ላላ ብሎ ሲነበብ ጎዳናው መንገድ ነው፤ ጠበቅ ሲል ግን «ጎዳ» ይወጣዋል፤ ጎድቶኝ ያስፈራኝ ያ መኪና ነው። ከአደጋው ወዲህ ሐኪምም ዘመድም ብዙ ነገር ብሎኛል። በአንዲት ቃል የገባኝ የዚያን ቀን ነው፤ መንገዱ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። የኔታ ሻንጣዬን ይዘው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ጠበቁኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዓለም እግሬን በሞቀ ውኃ ካላጠብኩ ብለው ታገሉኝ። እንዴት ለእኔ ይጎነበሳሉ ብዬ ብከለክልም፣ «የመንገድ ድካም እግር ላይ ነው የሚተኛ» ብለው አሸነፉኝ። እኛ ፎቅ ላይ ሦስት ዓመት ስንኖር ከፊት ለፊታችን ያለው ቤት ማን እንደሚኖርበት አላውቅም።

ሦስተኛው ቀን፤ ፍኖተ ሰላም

ጠዋት ከየኔታና ከአንድ ደላላ ጋር ቤት ልናይ ወጣን። ደላላው መኪና እንደማልሳፈር ሲነገረው፣ «እንግዲያው ለእርስዎ የሚሆነው አዲሱ ሰፈር ነው» አለ። እውነትም አማረኝ። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ አጥሩ የግንብ፣ በሩ የብረት። ትምህርት ቤቱ እዚያው ጥግ ላይ ነው፤ ሱቁ፣ ወፍጮው፣ ጤና ጣቢያው ሁሉ ሩቅ አይደለም። መኪና እምብዛም አያልፍበትም። የአዲስ አበባውን ሰፈራችንን አንስተው፣ አስፋልቱን ነቅለው ጥለው፣ እዚህ ያስቀመጡት መሰለኝ።

«ወደድሽው?» አሉኝ የኔታ።

«በጣም እንጂ። እርስዎስ?»

«አጥሩ ረዥም ነው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ከምሳ በኋላ ብቻዬን ተመለስኩ። ማኅሌትን እጇን ይዤ እንደምሄድ አድርጌ፣ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ልሄድበት ፈለግሁ። ፀሐይ ነበር፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ግማሽ እንደሄድኩ ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ።

መጀመሪያ ቆርቆሮ የወደቀ መሰለኝ። ሁለተኛው ሲደገም በየግቢው የሰው ድምፅ ሁሉ ጠፋ፤ የሬዲዮ ድምፅ እንኳ ተቆረጠ። ሮጬ አንዱን የብረት በር አንኳኳሁ። ከውስጥ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ መጣ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ሁለተኛውን በር በመዳፌ ደበደብኩ። «እባካችሁ፣ እንግዳ ነኝ!» ስል የራሴ ጩኸት አስፈራኝ፤ ያ ቀጥ ያለ መንገድ ከዳር እስከ ዳር የተከፈተ፣ አንድ መደበቂያ የሌለው ነው። ግንቡ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ተኛሁ።

በዚያ ቅጽበት አንድ ባጃጅ እየበረረ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ሾፌሩ ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ነበር። «ግቢ እታለም! ግቢ!»

ተነሣሁ። እጄን የባጃጁ ብረት ላይ አደረግሁ። እግሬ ግን አልነሣ አለ። ተኩሱ እየቀረበ ነው፤ አውቃለሁ። ሰውየው ይጮኻል፤ እሰማለሁ። ያቺ ሴት ሽንኩርት ስትጠይቀኝም እሰማ ነበር።

«አልችልም» አልኩት።

«ምን?»

«መኪና ውስጥ መግባት አልችልም። ሂድ አንተ። ሂድ።»

አየኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ባጃጁን እዚያው መሐል መንገድ ትቶ ክንዴን ይዞ ያስሮጠኝ ጀመር። ግንቡ ካለቀበት ወዲያ የድሮው ሰፈር ነው፤ የጭቃ ቤት፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ ጠመዝማዛ መተላለፊያ። አንዲት ሴት በአጥሯ ቀዳዳ አየችንና ማን ናችሁ ሳትል ጎትታ አስገባችን። ቤቷ ውስጥ ሌሎችም ነበሩ፤ ሁሉም ከመንገድ የተሰበሰበ፣ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ሰው። መሬት ላይ በበቆሎ ክምር ዙሪያ ተቀመጥን። ሴቲቱ ለሁላችንም በቆሎ እየዘረጋች፣ «እጃችሁ ሥራ ይያዝ፣ ፈልፍሉ» አለችን። ጎንበስ ብለን ፈለፈልን። ማን ማን ላይ እንደተኮሰ አልሰማሁም፤ ዛሬም አላውቅም። እዚያ ቤት ውስጥ የጠየቀም የለም።

ጸጥ ሲል ሾፌሩ ስሙ ሙሉቀን መሆኑን፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት መሆኑን ነገረኝ። ባጃጁ እንጀራው ነው። አብሬው ልፈልግ ሄድኩ፤ ባጃጁ ከተወው ቦታ የለም። ሙሉቀን እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። በዚህ ጊዜ አስቀድሜ ያንኳኳሁት የብረት በር ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ባጃጁ ግቢያቸው ውስጥ ቆሟል፤ ተኩሱ ረገብ ሲል ወጥተው ገፍተው አስገብተውለት ነው። ሽማግሌው ወደ እኔ ሲዞሩ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«በሩ ድረስ መጥቼ ነበር ልጄ። አንድ ጊዜ ለማላውቀው ከፍቼ ያገኘኝን እኔ አውቃለሁ። እጄ አልታዘዝልህ አለኝ።»

እግሬ ያልታዘዘልኝ ሰው ምን ልመልስላቸው? እጃቸውን ሳምኩ።

አራተኛው ቀን፤ ቡሬ

መንገዱ ሲከፈት አንዱዓለም በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ። አጥብቆ አቀፈኝ። ወደ ቡሬ በሚኒባስ አብረን ሄድን። ማንኩሳ ላይ ወርጄ አስመለሰኝ፤ ሾፌሩ ሳይቆጣ ጠበቀኝ፣ አንዲት ተሳፋሪም ፊቴን የምታጠብበት ውኃ ሰጠችኝ። እንደ ዳንኩ አድርጎ የሚገምት አንባቢ ካለ፣ አልዳንኩም።

አንዱዓለም የቤት አሳብ ነበረው። ሲነግረኝ ፊቱ በራ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ፋብሪካው መንገድ፣ አዲስ የተሠራ ቤት ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ውኃው ቤት ውስጥ። ከበሩ ላይ ቆሜ ዙሪያውን አየሁ። ሜዳ ነው፤ እዚህም እዚያም አጥር፣ ከዚያ አስፋልት። ጨው ቢያልቅ ባጃጅ፣ ትምህርት ቤት ባጃጅ፣ ሕመም ቢመጣ ባጃጅ።

«አንዱዬ፣ ይሄ እኮ እዚያው የነበርንበት ነው» አልኩት።

«ውኃ አለው። መብራት አለው። ልጄን የጋራ ቧንቧ ላይ ላሰልፋት ነው የምትይኝ?»

«መንገድ ሲዘጋስ?»

«መንገድ ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋል! በእግርሽ ብትሄጂስ? ትናንት በእግርሽ አልነበርሽም?»

እውነቱን ነው። እሱም በራሱ ድምፅ ደነገጠ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ቀን ጮኾብኝ አያውቅም። ወደ ከተማው በእግራችን ስንመለስ፣ እሱ በአስፋልቱ በኩል እኔ በውስጥ በኩል፣ አልተነጋገርንም። መኪና በመጣ ቁጥር ግን በክንዱ ይጋርደኛል።

ቡሬ መሐል፣ ከገበያው ጀርባ፣ እማማ የሻረግ የሚባሉ ባልቴት ሁለት ክፍል ያከራያሉ ተባልን። ግቢው ውስጥ ሌሎች ሦስት ተከራዮች አሉ፤ ቧንቧው አንድ ነው፤ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ትምህርት ቤቱም በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይደረስባቸዋል። አንዱዓለም ጣሪያውን እያየ ከንፈሩን ነከሰ። እማማ የሻረግ ስለ ውኃው፣ ስለ ሽንት ቤቱ፣ ስለ ተከራዮቹ ጠባይ እስኪጠግቡ ነገሩን። «ሌላ የምትጠይቂው አለ ልጄ?» አሉኝ።

አንድ ብቻ ነበረኝ። «እማማ፣ ተኩስ ሲሰማ በርዎን ይከፍታሉ?»

አንዱዓለም ደነገጠ። ባልቴቷ ግን አልደነገጡም። ወደ በሩ ዞር አሉ።

«እንደ ቀኑ ነው» አሉ። «አንድ ቀን ከፍቼ ስንቱን አስገብቻለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ፈርቼ አልጋ ሥር ገብቻለሁ። እዋሽሽ?»

አንዱዓለም አየኝ። እኔም አየሁት። «ጣሪያውን እኔ እሠራዋለሁ» አላቸው።

መመለስ

ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩበትን መንገድ ብዙ አልጽፍም። ዓባይን ስንወጣ የያዝኩት የማላውቀውን ሰው እጅ ነበር፤ ወታደር ይሁን ነጋዴ አልጠየቅሁም፤ እሱም እጁን አልነፈገኝም።

ዕቃችን በካርቶን ታስሮ ተቀምጧል። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ይባላል፤ ነገ ዝግ ነው ይባላል። እኅቴ አሁንም ተይው ትላለች። ሌሊት እሷ ልክ የሆነች ይመስለኛል፤ ጠዋት ማኅሌትን ይዤ ያንን አስፋልት ሳይ ደግሞ እኔ።

ባለፈው እሑድ አንዱዓለም ደወለ። ጣሪያውን ጨርሶ፣ ከእማማ የሻረግ በር እስከ ትምህርት ቤቱ በእግሩ እየሄደ ነበር። ማኅሌት ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አሁን ከበሩ ወጣሁ» ይላል አባቷ። «በግራ በኩል ልብስ ሰፊ አለ፤ ሰላም ብሎኛል። አሁን ጭቃ ነው፣ እዚህ ጋ ድንጋይ ላይ ትዘያለሽ። አሁን ትልቅ ዋርካ አለ፤ ከሥሩ ሁለት ቄሶች ተቀምጠዋል። አሁን ደግሞ...»

ድምፁ ጠፋ። ሩቅ የሆነ፣ የሚያጓራ ነገር ይሰማል። ማኅሌት አየችኝ። እጄን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋሁ ቀረሁ።

«አባዬ?» አለች።

ምንም።

«አባዬ!»

«አለሁ፣ አለሁ» አለ እያለከለከ። «ወፍጮ ቤቱ ሞተሩን አስነሥቶ ነው። እኔም ደንግጬ አጥር ሥር ገብቻለሁ።»

ልጄ ወንበሯን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ቀጥል» አለችው። «ከዚያስ?»